ጋሸና ላይ ሸክላ ለማዳመጥ፤ ስለ ድምፅ መሣሪያ አተካከልና ስለ ራዲዮ አምፖሎች ማወዳደር

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባቢ የቅንጦት ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከላስታና ከመቄት የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ጋሸና ላይ አንዲት ክፍል ይዘን፣ ሽማግሌዎች በየሣጥናቸው ያኖሩትን ሸክላ ይዘው መጥተው ከወጣቱ ጋር የሚያዳምጡባት ቤት ለማድረግ ገንዘብ አዋጥተናል። የተዋጣው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ዕቃ አይገዛም። ከመካከላችን ገሚሱ በአምፖል የሚሠራ አምፕሊፋየር ካልተገዛ ድምፁ ለዛ አይኖረውም ይላል። ገሚሱ ደግሞ አምፖል የባለጸጋ መጫወቻ ነው፤ በትራንዚስተር የሚሠራው ይበቃናል ይላል። ክርክሩ ብዙ ምሽት ፈጅቷል። እኛ በበኩላችን የምንለው፣ ጋሸና ላይ ይህ ጥያቄ ቀዳሚው ጥያቄ አይደለም ነው። አየሩም፣ መብራቱም፣ ቤቱም ድምፁን የሚለውጡት ከአምፖሉ አስቀድመው ነውና በእነርሱ እንጀምራለን። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ስለ ቮልትና ስለ ዋት መጻፋችን የሳይንስ ወዳጆቻችንን ፈገግ ያሰኛቸው ይሆናል፤ ይሁን፤ ጆሮ ፋኩልቲ አይለይም። ዓመተ ምሕረቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

መጀመሪያ ግን ስለ አምፖሉ ጥቂት ቃል። የራዲዮ አምፖል የመብራት አምፖል ዘመድ ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ አንድ ክር ይግላል፤ ከጋለው አካል ኤሌክትሮኖች እየተነሡ ፊት ለፊት ወዳለው ሰሌዳ ይሮጣሉ። በመካከላቸው የተዘረጋው ወንፊት መሰል ሽቦ እንደ በረኛ ነው። በእርሱ ላይ የሚደርሰው ጥቂት የቮልት ለውጥ ብዙውን ፍሰት ይለቃል ወይም ይገታል። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ኢምንት ምልክት ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ኃይል የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ባለ ሁለት ክፍሉን አምፖል እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ በ1904 ሠራው፤ ወንፊቱን አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ጨመረበት። ትራንዚስተር በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተወለደው በ1947 ነው። በቤት መሣሪያ ዘንድ ስማቸው ከሚነሣው አምፖሎች ውስጥ ኢሲሲ83 የተባለው ታናሽ አምፖል ምልክቱን በመጀመሪያ የሚያጎላው ሲሆን የማጉላት ቁጥሩ 100 ነው። ኢኤል84 ደግሞ የኃይል አምፖል ነው፤ ብቻውን ሲሠራ ወደ 5 ዋት ይሰጣል። ባለጸጎች የሚወዱት 300ቢ ወደ 8 ዋት ያህል ነው። ዛሬ እነዚህን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ሲሆኑ ዋና ዋናዎቹ የሚገኙት በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ነው። በአባቶቻችን ዘመን ግን ኢኤል84 ከአውሮፓ በሚመጣው በብዙው የጠረጴዛ ራዲዮ ውስጥ የሚገኝ ተራ ዕቃ ነበር። ጣቢያው በትክክል ሲያዝ የምትጠበው ያች አረንጓዴ የራዲዮ ዓይን ራሷ አምፖል ነበረች። መብራት ላልደረሰበት ባላገር ደግሞ ክራቸው በ1.4 ቮልት የሚግል፣ በ90 ቮልት ደረቅ ባትሪ የሚሠሩ ታናናሽ አምፖሎች ነበሩ።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድና ወደ ላሊበላ የሚገባው መንገድ የሚገናኙባት፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች የነፋስ ከተማ ናት። እናቶቻችን የባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ እዚህ ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ያውቁታል። ውኃው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ይህም የሚሆነው የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ ነው። ንፍሮውን የሚያዘገየው ያው ቀጭን አየር ሸክላውንም ይነካዋል።

ስፒከር ድምፅ የሚሰጠው አየር ገፍቶ ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ፣ ስፒከሩ ያንኑ ያህል ቢንቀጠቀጥም ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ግፊት ያንሳል። በግምት ስናሰላው ጉድለቱ ወደ 3 ዴሲቤል ይደርሳል። ሦስት ዴሲቤል ማለት ደግሞ የኃይል እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 5 ዋት የሆነ አምፕሊፋየር ጋሸና ላይ የሁለት ዋት ተኩል ያህል ሥራ ይሠራል። ከዚህ የተነሣ በውጭ አገር መጽሔት «ለአንድ ክፍል 5 ዋት ይበቃል» ተብሎ የተጻፈውን አምኖ ባለ አንድ ኢኤል84 አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው፣ ከበሮ በተመታ ቁጥር ድምፁ ሲሻክርበት ጥፋቱን በአምፖሉ ላይ ያደርጋል። አምፖሉ ግን ምንም አላጠፋም፤ የተጠየቀው ከአቅሙ በላይ ነው። መድኃኒቱ በአንድ ዋት ብዙ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር መምረጥ ነው። በጀርባው ከተጻፈው የዴሲቤል ቁጥር 3 ቀንሶ ማንበብ ይጠቅማል።

የስፒከሩ ሣጥንም ጠባዩን ይለውጣል። ሙሉ በሙሉ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ስፒከሩን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጋሸና ላይ ይህ ሞላ 30 በመቶ ያህል ይላላል፤ ታናሹ ሣጥን ሰፊ ሣጥን የሆነ ይመስላል፤ ወፍራሙ ድምፅም ጥቂት ወደ ታች ይወርዳል። ቀዳዳ ያለው ሣጥን የተቃኘበት ድምፅ ግን የሚወሰነው በድምፅ ፍጥነት ነው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚለወጠው በሙቀትና በብርድ እንጂ በግፊት አይደለምና እርሱ ባለበት ይቆያል። ሁለት ስፒከሮችን አዲስ አበባ ላይ አወዳድሮ አንዱን የመረጠ ሰው ጋሸና ሲደርስ ምርጫው ሊገለበጥበት የሚችለው ስለዚህ ነው።

ቀጭን አየር የጋለውንም ዕቃ ቶሎ አያቀዘቅዝም። የደጋው ብርድ ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ አምፕሊፋየሩን መደርደሪያ ውስጥ ወትፎ በዳንቴል መሸፈን (ይህን በብዙ ቤት አይተናል) ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው። ከበላዩ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ባዶ ቦታ ይተውለት። ከዚህ የበለጠ የሚያሠጋው ግን ሌላ ነው። አየር ኤሌክትሪክ ከሽቦ ወደ ሽቦ እንዳይዘል የሚከለክል አጥር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አጥሩ ይደክማል። ብዙው የቤት ዕቃ የሚታሰበው እስከ 2000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ለ3000 ሜትር በሽቦዎች መካከል ያለው ርቀት በ1.14 እንዲባዛ የመሐንዲሶች ደንብ ያዛል። በአምፖል አምፕሊፋየር ውስጥ ደግሞ ከ250 እስከ 450 ቮልት ይመላለሳል። አቧራና እርጥበት በተጠራቀመበት አሮጌ የአምፖል መቀመጫ ላይ ብልጭታ ሲታይ «ዕቃው አርጅቷል» ከማለት በፊት መቀመጫውን በንጹሕ አልኮል ጠርጎ ማድረቅ ይገባል። ይህንም የሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ይሁን። ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ሰው ይገድላልና። ስፒከር ሳይገጠምም የአምፖል አምፕሊፋየር አይበራም፤ መውጫ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ስለ መብራቱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በ2021 ጦርነቱ ወደ ላስታ በደረሰ ጊዜ ጋሸና የጦር ሜዳ ሆናለች፤ ላሊበላና አካባቢውም ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። መብራቱ ባለበት ጊዜም 220 ቮልት የሚባለው በወረቀት ላይ ነው። የአምፖሉ ክር የሚፈልገው 6.3 ቮልት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ከ10 በመቶ በላይ እንዲያልፍ አይፈለግም፤ ይኸውም ከ5.7 እስከ 6.9 ቮልት ነው። የመንገዱ መብራት ወደ 180 ሲወርድ ክሩ የሚያገኘው 5.15 ብቻ ነው፤ ወደ 250 ሲወጣ 7.16 ይደርሳል። በመጀመሪያው ድምፁ ይሟሽሻል፤ በሁለተኛው አምፖሉ ዕድሜው ያጥራል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ያዳመጡትን አምፖል፣ በነጋታው ረፋድ ላይ ከተሰማው ሌላ አምፖል ጋር ማወዳደር ምጣዱን ከምጣድ ጋር ማወዳደር ነው። ስለዚህ ደኅና ስታቢላይዘር ከአምፖሉ በፊት ይገዛል።

በሶላር ለሚጠቀም ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። በሁለት ኢኤል84 የሚሠራ ባለ ሁለት ጆሮ አምፕሊፋየር 10 ዋት ድምፅ ለመስጠት ወደ 50 ዋት ያህል ይበላል፤ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥም ያንኑ ይበላል። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት 600 ዋት ሰዓት ነው፤ በኢንቨርተሩ የሚባክነው ሲቀነስ አሥር ሰዓት ያህል ያጫውታል። አዲሱ ታናሽ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር በዚያው ባትሪ ቀናት ይቆያል። ርካሽ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ስለሆነም የአምፖሉ ትራንስፎርመር ላይ ጩኸት ያመጣል።

ከውጭ አገር ዘመድ የላከው የሸክላ ማጫወቻ ካለ አንድ ነገር ይጣራ። ለአሜሪካ የተሠራው የሚፈልገው 120 ቮልት ብቻ ሳይሆን በሴኮንድ 60 ዙር የሚመላለስ መብራት ነው። የእኛ 50 ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ቢያስተካክሉትም፣ ሞተሩ ሩጫውን ከመብራቱ ዙር የሚቀበል ዓይነት ከሆነ 45 መዞር የሚገባው ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። ዘፋኙ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ፣ ወጣቱ ሽማግሌ ሆኖ ይሰማል። ሸክላው ጫፍ ላይ ታናሽ ወረቀት አኑሮ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር በቂ ምርመራ ነው። በብርድ ማለዳም ቅባቱ ስለሚረጋ፣ የመርፌው ላስቲክም ስለሚጠጥር ማጫወቻው ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሞቅ ፍርድ አይሰጥበትም።

ቤቱን በአጭሩ። በላሊበላ አካባቢ ያለው ክብ የድንጋይ ቤት ለዓይን ያማረ ቢሆንም ግድግዳው ድምፁን ሰብስቦ ወደ መካከል ይመልሰዋል፤ ስለዚህ አዳማጭ ከመካከሉ ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ። በጭቃ የተመረገና የሣር ክዳን ያለው ቤት ከሁሉ ይሻላል። ቆርቆሮ ክዳን ከበሮ ሲመታ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በሐምሌም ሸክላውን ከዝናቡ የሚለየው ጆሮ የለም። አራት ማዕዘን ክፍል 4 ሜትር ርዝመት ካለው በ42 ዙር ገደማ ያለው ወፍራም ድምፅ በግድግዳና በግድግዳ መካከል እየተመላለሰ ያብጣል፤ ስፒከሩን ከጥግ አንድ ክንድ ማራቅና ጋቢ ወይም በርኖስ ከኋላ መስቀል በብዙ ብር ከሚገዛ አምፖል ይልቅ ይሠራል።

እንግዲህ አየሩ፣ መብራቱና ቤቱ ከታወቁ በኋላ ማወዳደር ይቻላል። የማወዳደር ትልቁ ጠላት የድምፅ መጠን ነው። የሰው ጆሮ ጥቂት የጎላውን «የጎላ» አይለውም፤ «የጠራ»፣ «ሙሉ»፣ «ሕይወት ያለው» ይለዋል። በኢሲሲ83 ቦታ የማጉላት ቁጥሩ 60 የሆነውን ኢሲሲ81 የሰካ ሰው ድምፁ ወዲያው ይቀንስበታል፤ እርሱ ግን «ይኸኛው ረጋ ያለ ነው» ብሎ ይተርካል። ስለዚህ 400 ዙር ያለው አንድ ወጥ ድምፅ ከስልክ ላይ እየተላከ፣ በስፒከሩ መግቢያ ላይ ያለው ቮልት በመለኪያ ይታይ። አንዱ 2 ቮልት ከሰጠ ሌላውም ከ1.98 እስከ 2.02 መካከል እስኪሆን ድረስ ቁልፉ ይስተካከል። ከዚያ መሣሪያዎቹ በጨርቅ ይሸፈኑ፤ የሚቀያይረው ሰው ሳንቲም እየጣለ ይቀያይር፤ አዳማጩም የትኛው እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ከ16 ሙከራ 12 ወይም ከዚያ በላይ ትክክል ያገኘ ሰው በግምት ብቻ ያን ያህል የማግኘት ዕድሉ ከ100 ከ4 በታች ነውና ሰምቷል እንለዋለን። ዘጠኝ ያገኘ ሰው አልሰማም፤ ቢቈጣም አልሰማም።

በምን ሸክላ እናወዳድር? የውጭ አገር ሊቃውንት ፒያኖና ቫዮሊን ያቀርባሉ። እኛ የምናውቀውን ዕቃ ብንይዝ ይሻላል፤ የእውነተኛውን ድምፅ የማያውቅ ዳኛ ምን ይፈርዳል? በገና ከሁሉ የሚከብድ ፈተና ነው። ዐሥሩ አውታሮች ድልድዩ ላይ ባለችው የቆዳ ቁራጭ፣ በእንዚራዋ፣ ምክንያት ይነዝራሉ፤ ያ ንዝረት የመሣሪያው ጸጋ እንጂ የአምፕሊፋየር ሕመም አይደለም። በገናን በቅርብ ያልሰማ ሰው ንዝረቱን ሲሰማ አምፖሉ ተበላሽቷል ብሎ ይነቅላል፤ ወይም ደግሞ የእውነተኛውን የመብራት ጉርምርምታ የበገና ነው ብሎ ያልፈዋል። መለያው ቀላል ነው። በገናው ሲያርፍ ጉርምርምታው ካልቆመ የመብራቱ ነው። የማሲንቆ አንድ የጭራ አውታር የመካከለኛውን ድምፅ ሻካራነት ያጋልጣል፤ ጸናጽል የላይኛውን፤ ከበሮ የታችኛውንና የኃይሉን መጠን። ከዘመናዊው ሙዚቃ አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ባሳተማቸው ታናናሽ የ45 ሸክላዎች ላይ ያሉት የነሐስ መሣሪያዎች ለፈተና የተመቹ ናቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በጀርመን አገር ያስቀረጹት ሸክላ አለ። በዚያ ዘመን ዘፋኝ በመለከት መሰል ቀንድ ውስጥ ይዘፍን፣ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን ያንቀሳቅስ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መቅረጽ የተጀመረው በ1925 ነውና። አምፖል የሌለው ድምፅ ለዛ የለውም የሚሉ ወዳጆቻችን ያ ሸክላ ሲቀረጽ አንድም አምፖል እንዳልነበረ ቢያስቡት መልካም ነው።

በዚህ ሥርዓት የተዋስናቸውን ሁለት አምፕሊፋየሮች፣ አንዱን ባለ ኢኤል84፣ አንዱን የትራንዚስተር፣ ጋሸና ላይ አወዳደርን። የተለያየ ፋብሪካ ስም ያላቸውን ሁለት ኢሲሲ83 አምፖሎች ስማቸው ተሸፍኖ ሲቀርብ ከመካከላችን 12 የደረሰ ሰው አልተገኘም፤ ዋጋቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። አምፖሉንና ትራንዚስተሩን ግን በበገና ላይ ለይተናል። የአምፖሉ ወፍራም አውታር ሰፋ ብሎ ይሰማ ነበር። ምክንያቱን ስንመረምር ነገሩ አስማት አይደለም። ስፒከር በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ የሚያሳየው ተቃውሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ 8 ኦም የተባለው አንዳንድ ቦታ ላይ 30 ይደርሳል። የአምፖል አምፕሊፋየር የራሱ የውስጥ ተቃውሞ ስላለው፣ ስፒከሩ ተቃውሞውን በጨመረበት ቦታ ድምፁ ከፍ ይላል። በትራንዚስተሩ መስመር ላይ የ2 ኦም ሬዚስተር ጨምረን ብናዳምጥ ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። ቦብ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስም በ1985 ስቴሪዮፋይል በተባለው መጽሔት ሰዎች ፊት ርካሽ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር አስተካክሎ የውድ አምፖል አምፕሊፋየር ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎ ነበር፤ አዳማጮቹም መለየት አቅቷቸዋል።

ይህን ያየው ገሚሳችን «እንግዲህ በሬዚስተር ዋጋ አምፖል ገዛን» አለ። ሌላው ገሚስ አልተረታም። አምፖል ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን የሚያጣምመው ቀስ ብሎ ነው፤ የሚጨምረውም በአብዛኛው ሁለተኛውን ድምፅ፣ ማለት ያንኑ ድምፅ በእጥፍ ከፍታ ነው፤ ትራንዚስተር ግን በድንገት ይቈርጠዋል ይላል። ይህ እውነት ነው፤ አንክደውም። ሆኖም መልሱ ከአቅም በላይ አለመጠየቅ ነው፤ የ40 ዋት ትራንዚስተር ደግሞ ከ5 ዋት አምፖል ይልቅ በርካሽ ይገኛል። አየሩ ኃይሉን በግማሽ በሚቀንስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የትራንዚስተሩ ተገዛ። ከአንድ ቤት የተገኘ አሮጌ የአምፖል ራዲዮ ግን ተጠግኖ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ አረንጓዴዋን ዓይን ማየት ይወዳሉ። አምፖሎቹን ከአዲስ አበባ ስናመጣ እያንዳንዱን በጥጥ ጠቅልለን፣ በጭድ በተሞላ ካርቶን አድርገን፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በጉልበታችን ይዘን ነው። ከብርድ እንደገቡም ብርጭቆው ላይ ያለው ጤዛ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ጠብቀን ሰካናቸው።

የተረፈው ገንዘብ የዋለው በመርፌ ላይ ነው። አምፖል ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ ያረጀ መርፌ ግን ሸክላውን ይፍቀዋል፤ ከሽማግሌዎቹ ሣጥን የወጣው ሸክላ ምናልባት ሌላ ቅጂ የለውም። አንድ የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ለድሮው የ78 ሸክላ ደግሞ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ከ45ቱ መርፌ ሦስት እጥፍ ያህል የሚወፍር ሌላ መርፌ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ገዝተናል። ከማጫወቻው ጎን አንድ ደብተር አለ፤ ሸክላ ያጫወተ ሁሉ የመርፌውን ዓይነትና የተጫወተበትን ደቂቃ ይጽፍበታል።